ግዙፉ ፊልምና የጠበበው ምርጫ፤ ከናይሮቢ የምንማረው

ከሲኒማ ቤት የሚወጣ ወጣት ከመዝናናቱ ሌላ ይዞት የሚወጣው ነገር አለ። ጀግና ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ፣ ጠላት ከየት እንደሚመጣ፣ መጪው ዘመን የማን እንደሆነ በሸራው ላይ ያየውን በልቡ አትሞ ይወጣል። ስለሆነም በሸራው ላይ የሚታየውን የሚመርጠው ማን ነው የሚለው ጥያቄ ወታደሩንም ሆነ የከተማውን ነዋሪ በእኩል ይመለከታል። ይህንኑ ጉዳይ በጎረቤታችን በኬንያ ርዕሰ ከተማ በናይሮቢ ምሳሌነት ለመመርመር እንሞክራለን። የምንጠቅሳቸው ዓመቶች በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የሆሊውድ ታላላቅ ኩባንያዎች ቀድሞ በመጠነኛ ወጪ ብዙ ዓይነት ፊልሞችን ያዘጋጁ ነበር። ወንጀል ነኩ፣ አስፈሪው፣ የካውቦዩና የሳይንስ ልቦለዱ ፊልም ጎን ለጎን ይሠራ ነበር፤ አንዱ ቢከስር ሌላው ያካክሰው ነበር። በ1975 «ጆስ»፣ በ1977 «ስታር ዋርስ» ያስገኙት ከፍተኛ ትርፍ ግን የባለ ሀብቱን ዓይን ወደ ሌላ አቅጣጫ መለሰው። «ስታር ዋርስ» የተሠራው በ11 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። በ2019 የወጣው «አቬንጀርስ፡ ኤንድጌም» ግን ከ300 ሚሊዮን ዶላር በላይ ፈጅቶ ከ2.7 ቢሊዮን ዶላር በላይ ሰበሰበ። በዚያው ዓመት ዲዝኒ የተወዳዳሪውን የፎክስን አብዛኛውን ንብረት በ71 ቢሊዮን ዶላር ጠቅልሎ ገዛ። የሚያመርተው እጅ ባነሰ ቁጥር የምርቱም ዓይነት ማነሱ አይቀሬ ነው።

የነገሩ አሠራር ግልጽ ነው። ይህን ያህል ገንዘብ የፈሰሰበት ፊልም ከዓለም ዙሪያ ተመልካች ካላገኘ ይከስራል። ለዓለም ሁሉ የሚሸጥ ነገር ደግሞ ማንንም የማያስቀይምና ያለ ብዙ ንግግር የሚገባ መሆን አለበት። ፍንዳታና ሩጫ አስተርጓሚ አያሻቸውም፤ የአንድ መንደር ቀልድ፣ የአንድ ሕዝብ ሐዘን ግን ያሻቸዋል። ስለዚህ ኩባንያው አዲስ ታሪክ ከመሞከር ይልቅ ትናንት የተሸጠውን ጀግና ቁጥር እየጨመረ ደግሞ ደጋግሞ ያቀርባል። በዚህ ሂደት የሚጎዳው መካከለኛው ፊልም ነው፤ አዳዲስ የአተራረክ ስልቶችና ወጣት አዘጋጆች የሚበቅሉበት ማሳ ግን ይኸው ነበር።

ወደ ናይሮቢ እንሻገር። በከተማይቱ መሀል የነበሩ አንዳንድ አሮጌ ሲኒማ ቤቶች የጸሎት አዳራሽ ሆነዋል። በአዳዲሶቹ የገበያ ማዕከሎች ውስጥ ባሉት አዳራሾች ደግሞ ዋናውን ሥፍራ የያዘው የሆሊውድ ግዙፍ ፊልም ነው። በ2012 የወጣው የዴቪድ ጊቶንጋ «ናይሮቢ ሃፍ ላይፍ» ይህንኑ ሁኔታ ሳይሰብክ ያሳየናል። ዋናው ባለ ታሪክ ምዋስ የአሜሪካንን የጀብዱ ፊልሞች ቅጂ በገጠር እየሸጠ፣ ገዢ ለመሳብም ጀግኖቹን እየመሰለ ይተውናል። ተዋናይ ለመሆን ናይሮቢ ሲገባ ግን የሚጠብቀው የወንበዴ ቡድን ነው። ወንጀል ነክ ፊልም የአንድን ከተማ እውነት ሊናገር እንደሚችል ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አናገኝም።

የሳይንስ ልቦለድም የሀብታም አገር ርስት አይደለም። ዋኑሪ ካሂዩ በ2009 የሠራችው «ፑምዚ» ከግማሽ ሰዓት ያነሰ ፊልም ነው፤ ስሙ በስዋሂሊ እስትንፋስ ማለት ነው። በውሃ ጦርነት ከጠፋች ዓለም የተረፉ ሰዎች ላባቸውን እያጣሩ ሲጠጡ፣ አንዲት ሴት አንድ ዘር ልትተክል ወደ በረሃው ትወጣለች። ድርቅን ለሚያውቅ ሕዝብ ይህ ከማናቸውም የኅዋ ጦርነት የቀረበ ነው።

በ2018 «ብላክ ፓንተር» በ200 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ተሠርቶ ዓለምን አዳረሰ። ጥቁር ሕዝብን በክብር ማሳየቱን፣ ኬንያዊቷ ሉፒታ ንዮንጎም በውስጡ መሳተፏን አንክድም። ነገር ግን በዚያው ዓመት ሊካሪዮን ዋይናይና «ሱፓ ሞዶ» የተሰኘውን ፊልሙን አቀረበ። በማይድን በሽታ የተያዘችው ትንሽ ልጅ ልዩ ኃይል ያላት ጀግና መሆን ትመኛለች፤ የመንደሯ ሰውም ምኞቷን እውን ለማድረግ ተባብሮ ይነሣል። በመጀመሪያው ፊልም ኃይሉ ከማዕድን ይመነጫል፤ በሁለተኛው ከጎረቤት ፍቅር። ሁለቱም የጀግና ፊልሞች ናቸው፤ ሁለተኛውን ግን ስንቶቻችን ሰምተነዋል?

ከዚህም በላይ ሊያሳስበን የሚገባ ነገር አለ። ከላይ የጠቀስናቸው ሦስቱም የናይሮቢ አዘጋጆች ሥራዎች ከጀርመን ወይም ከአሜሪካ በተገኘ ድጋፍ የቆሙ ናቸው። ገበያው በግዙፉ ፊልም ሲያዝ፣ የተለየው ፊልም በውጭ ሰው በጎ ፈቃድ ይኖራል ማለት ነው። በጎ ፈቃድ ደግሞ የሰጪውን ፍላጎት ተከትሎ ይመጣል፤ ሲያሻውም ይቋረጣል።

በአንጻሩ በናይሮቢው ሪቨር ሮድ ያሉ አምራቾች፣ ሥራቸው «ሪቨርውድ» የተባለው፣ ከማንም ሳይለምኑ በኪኩዩ፣ በስዋሂሊና በሌሎች ቋንቋዎች ርካሽ ፊልሞች እየሠሩ በዲስክ ለሰፊው ሕዝብ ሲሸጡ ቆይተዋል። ጥድፊያው ጥራታቸውን እንደሚጎዳው እርግጥ ነው። ሕዝቡ በገዛ ቋንቋው የተሠራን ታሪክ በገዛ ገንዘቡ እንደሚገዛ ግን አስመስክረዋል።

እኛም ከዚህ ትምህርት ነፃ አይደለንም። ባለፉት ሃያ ዓመታት በአዲስ አበባ የአማርኛ ፊልሞች ተመልካቹን በየሲኒማ ቤቱ ደጅ አሰልፈዋል፤ ይህ ሊያኮራን ይገባል። ሆኖም አብዛኞቹ የፍቅርና የቀልድ ታሪኮች ነበሩ። የተሸጠውን ደጋግሞ መቅዳት የሆሊውድ ብቻ በሽታ እንዳልሆነ ልብ ልንል ይገባል።

መፍትሔው የውጭ ፊልም መከልከል ነው አንልም፤ የተከለከለ ነገር በጓሮ መግባቱ አይቀርም። የሚያስፈልገው ሥፍራ መስጠት ነው። ሲኒማ ቤቶች በየሳምንቱ አንድ የታወቀ ቀን ለአገርና ለአፍሪካ ፊልሞች ይመድቡ። በየጦር ሰፈሩ የሚታዩ ፊልሞችም ከተለያዩ ዘርፎች ይመረጡ፤ ከትርዒቱ በኋላ ወታደሩ የተሰማውን የሚናገርበት ጊዜ ይኑር። ደራሲዎቻችንም የድርቁን፣ የድንበሩንና የሰፈሩን ታሪክ ለጀብዱም ለሳይንስ ልቦለድም ያውሉት። የራሱን ጀግና በሸራ ላይ አይቶ የማያውቅ ትውልድ ጀግንነት ሁልጊዜ ከሌላ አገር የሚመጣ ዕቃ ይመስለዋል። ይህ እንዳይሆን መትጋት የአዘጋጁም፣ የሲኒማ ቤቱም፣ የተመልካቹም የጋራ ግዴታ ነው እንላለን።