እሾህ ነው ብለን ቆርጠን እሾሃም ሽቦ ገዛን!

በየዓመቱ የካቲት ላይ፣ በቫለንታይን ሰሞን፣ ቀይ ጽጌረዳ ፍለጋ ቦሌን ከላይ እስከ ታች እናስሳለን። ከ1990ዎቹ ወዲህ የአበባ እርሻው ተስፋፍቶ ኢትዮጵያ ከኬንያ ቀጥላ የአፍሪካ ሁለተኛ አበባ ላኪ ስትሆንም አጨብጭበናል። አናጨብጭብ አላልንም። ግን የዝርያው ባለቤት ማን እንደሆነ ጠይቀን እናውቃለን? አብዛኛው የአውሮፓ አዳቃዮች ንብረት ነው፤ አምራቹ ለዝርያው የባለቤትነት ክፍያ ይከፍልበታል።

የእኛውስ ጽጌረዳ? አለ እኮ! ከመካከላችን ቢቸናና ሞጣ ያደግነው ከነእሾሁ እናውቀዋለን፤ ቀጋ ነው። ከሰሐራ በታች ባለው አፍሪካ ብቸኛው አገር በቀል ጽጌረዳ እሱ ነው። ሳይንሱም በአገራችን ስም ሮዛ አቢሲኒካ ብሎ ጠርቶታል። አበባው ነጭ ነው፣ መሐሉ ቢጫ፣ መዓዛው ደስ የሚል። ፍሬው ሲቀላ ከአጥር ላይ እየለቀምን በልተነዋል (ውስጡ ያለውን ፀጉራም ዘር ሳያራግፍ የዋጠ ጉሮሮውን ሲያሳክከው ይውላል፤ ከእኛ መሐል ይህ ያልደረሰበት የለም)።

ዛሬ በዚያ መንገድ ስናልፍ የምናየው ባሕር ዛፍ፣ ቆርቆሮና ሽቦ ነው። ቀጋውን ለማየት ወደ ቤተ ክርስቲያን ደን ዳር ወይም ወደ ገደል አፋፍ መውጣት ሊያስፈልገን ነው።

«ቀጋ የገጠር ነው፣ ለከተማ አይመጥንም» ይሉናል። በሴሎፎን ተጠቅልሎ የሚሸጠው ጽጌረዳ አያቶቹ ምን ነበሩና? የጫካ ቁጥቋጦ! ቻይናዎችና አውሮፓውያን ስላልናቁት ነው እዚህ የደረሰው።

ማብቀሉም ቢሆን ሊቅ አይጠይቅም። ቀጋ ደጋና ወይና ደጋ ይወዳል፤ ሁለቱም ከተሞች ከ2,400 ሜትር በላይ ናቸው። ክረምት ሲገባ እርሳስ የሚያህል፣ ስንዝር ተኩል የሚረዝም ቅርንጫፍ ቆርጦ ግማሹን አፈር ማልበስ ነው። ሁሉም አይይዝምና አብዝቶ መትከል ይሻላል። ከዘር የሚፈልግ ፍሬውን ፈርክሶ፣ ፀጉሩን አጥቦ ይዝራ፤ ግን ይታገሥ፣ ለመብቀል ወራት ይፈጅበታል። ፀሐይ ያግኝ። የመጀመሪያውን ዓመት ከፍየል እንጠብቀው፤ ከዚያ በኋላ ግቢውን የሚጠብቀው እሱ ነው።

እንግዲህ በቢቸናና በሞጣ ችግኝ የምታፈሉ ሁሉ፣ በመጪው ሰኔ ከባሕር ዛፉ አጠገብ አንድ መደብ ለቀጋ ልቀቁልን። ቅርንጫፉን ከየዘመዶቻችን አጥር ቆርጠን የምናመጣው እኛ ነን።