ገብሱም ታሪክ አለው

ስለ ጥንታዊት ኢትዮጵያ ሲነሣ በአብዛኞቻችን አሳብ ፈጥኖ የሚመጣው የአክሱም ሐውልት፥ የላስታው ውቅር ቤተ ክርስቲያን፥ የጎንደርም ግንብ ነው። እነዚህ መኩሪያችን መሆናቸው ከቶ አያጠራጥርም። ነገር ግን ሐውልቱን የጠረበውም ሆነ ግንቡን የገነባው እህል በልቶ የሠራ ሰው እንደ መሆኑ መጠን፥ ከድንጋዩ ሥራ አስቀድሞ እርሻ እንደ ነበረ ማስተዋል ይገባናል።

የዚህ የእርሻ ታሪክ ምስክር በበጌምድር ተገኝቷል። በ1960 ዓ/ም ገደማ ጆአን ዶምብሮውስኪ የተባሉ የአርኬዎሎጂ ተመራማሪ ከጣና ሐይቅ በስተ ምሥራቅ ላሊበላ በሚባል ዋሻ ቁፋሮ አደረጉ፤ ዋሻው ግን የላስታው ላሊበላ እንዳይመስለን። በዚያም ገብስና ሽምብራ፥ ሌላም የጥራጥሬ ዘር፥ እንዲሁም የከብት አጥንት ተገኘ። ዘመኑ ሲመረመር ከክርስቶስ ልደት በፊት 500 ዓመት ገደማ ሆነ። እንግዲህ የአክሱም መንግሥት ገና ሳይገን፥ የፋሲል ግንብም ከመሠራቱ ከ2000 ዓመት በላይ አስቀድሞ፥ የበጌምድር ሰው ገብስና ሽምብራ ይመገብ ነበር ማለት ነው።

እህል ይህን ያህል ዘመን ሳይበሰብስ እንዴት ይቈያል? የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል። ምድጃ ውስጥ ወድቆ የከሰለ ፍሬ ነቀዝ አይበላውም፤ አይበሰብስምም። ዘመኑ የሚታወቀውም ሕይወት የነበረው ነገር ሁሉ ከሞተ በኋላ በውስጡ ያለው ካርቦን 14 በየ5730 ዓመቱ በግማሽ ስለሚቀንስ ነው። የቀረውን የለካ ሊቅ ዕድሜውን ያገኛል።

ከዚህ ሌላም ትምህርት እናገኛለን። የገብስና የሽምብራ የዱር ዘር የሚገኘው በምዕራብ እስያ እንጂ በእኛ ደጋ አይደለም። ስለዚህ ተራራ አጥሮት ከዓለም ተለይቶ ይኖር ነበር የሚባለው የደጋ ሰው፥ ያን ጊዜም ከሩቅ የመጣ ዘር ተቀብሎ በገዛ መሬቱ ያለመደ ነበር። ጤፍንና ኑግን ደግሞ ከዱር አውጥቶ ለዓለም ያበረከተ የእኛው አገር ገበሬ ነው። ሩሲያዊው ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ በ1919 ዓ/ም ወደ አገራችን መጥተው የእህላችንን ዓይነት ብዛት ባዩ ጊዜ፥ ኢትዮጵያን ከዓለም የአዝርዕት መገኛዎች እንደ አንዷ ቈጠሯት።

የእስቴ ወረዳ ከተማ መካነ ኢየሱስ፥ ጋይንትና ስማዳም ያሉበት አገር ከጉና ተራራ ደጋ ተነሥቶ ወደ ዓባይና ወደ በሽሎ ሸለቆ የሚወርድ ነው። በእንዲህ ያለ የተራራ ዳርቻ የሚኖር ገበሬ በላይ ገብስ፥ ከዚያ ዝቅ ሲል ጤፍ፥ በቆላው ማሽላ ያገኛል። የላዩን በረዶ ቢመታው የታቹ ይተርፋል፤ ታቹ በድርቅ ቢጐዳ የላዩ ይደርሳል። የጥንት ሰውም በተራራ ዳርቻ መስፈሩ ያለ ምክንያት አልነበረም።

ወደ እነዚህ ወረዳዎች ለሥራ የሚላከው ወጣት መንገድ ያስጠርጋል፤ ትምህርት ቤት ያሠራል፤ የውሃ ጕድጓድ ያስቈፍራል። መሠረት ሲቈፈር የአመድ ንጣፍ፥ የሸክላ ስባሪ፥ አሮጌ ወፍጮ ብቅ ሲል ምን ያደርጋል? እንደ ጥራጊ ቈጥሮ ያስጥላልን? አዋጅ ቁጥር 209/1992 እንዲህ ያለ ቅርስ በአጋጣሚ ያገኘ ሰው ሳይነካካ ጠብቆ ወዲያውኑ ለቅርስ ባለ ሥልጣን እንዲያስታውቅ ያዝዛል። ራሱ ልቈፍር ማለትም አይገባውም፤ ፍሬው ከየትኛው የአፈር ንጣፍ እንደ ወጣ ካልታወቀ ስለ ቦታው ታሪክ ብዙ ሊናገር አይችልምና።

መንገድና ትምህርት ቤት ለተቸገረ ሕዝብ የከሰለ ገብስ ምን ይጠቅመዋል? የሚል አይጠፋም። የችግሩን ጽናት እኛም አንክድም። ነገር ግን አንድ ቀን አቁሞ ማስታወቅ መንገድ አያስቀርም፤ አንዴ የተናደ ንጣፍ ግን ዳግመኛ አይተካም። ይልቁንም ቢያንስ 2500 ዓመት ወደ ኋላ የሚቈጠር የእርሻ ልምድ ያለውን ገበሬ የሚያከብር ሹም፥ አዲስ ዘርና አዲስ ማዳበሪያ ይዞ ሲመጣ በመጀመሪያ ጠይቆ መስማትን ይለምዳል።

የማያውቁት አገር አይናፍቅም ይባላል፤ ያልተማሩት ታሪክም አይጠበቅም። ስለዚህ በጉና ዙሪያ ተመድበው የሚሠሩ ወጣቶች አዋጁን አንብበው፥ የአካባቢውን የገብስ ዓይነቶች ስም ከሽማግሌዎች ጠይቀው፥ በየቍፋሮው ስፍራ ዐይናቸውን ከፍተው እንዲጠብቁ አደራ እንላለን።