ቀይ ዘይት ሁሉ አንድ አይደለም

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ፣ በእጅ ያለችው አሮጌ ኮሮላ ወይም ቪትዝ በቀላሉ የማትተካ ንብረት ሆናለች። ባለመኪናው ግን የሞተሩን ዘይት መቀየሪያ ኪሎ ሜትር ቆጥሮ ሲጠብቅ፣ የኦቶማቲክ ካምቢዮውን ዘይት «ቀዩን ስጠኝ» ብሎ ይገዛል። ቀይነቱ ማቅለሚያ ነው፤ ሲያንጠባጥብ ከሞተር ዘይት እንዲለይ የተጨመረ እንጂ ስለ ዓይነቱ የሚነግረን ነገር የለም። ለአሮጌ መኪና የሚገዛው ዘይት ካምቢዮው ሲሠራ የታሰበለት መሆን አለበት፤ ከዚያ ውጭ አዲስነቱም ውድነቱም ዋስትና አይሆንም።

በኦቶማቲክ ካምቢዮ ውስጥ ዘይቱ ከማለስለስ ያለፈ ሥራ አለው። ኃይል ያስተላልፋል፣ በግፊቱ ማርሽ ያስቀይራል፣ ሙቀት ያወጣል፤ የፍሪሲዮን ሸራዎቹ ሲገናኙ ምን ያህል ተንሸራተው እንደሚይዙም ይወስናል። ውፍረቱም ይለያያል። የቶዮታ ታይፕ ቲ-ፎር በ100 ዲግሪ ሙቀት 7 ሴንቲስቶክ አካባቢ ሲሆን፣ ተከትሎት የመጣው ደብሊው ኤስ ወደ 5 ተኩል ይወርዳል። ቀጭኑ ነዳጅ ይቆጥባል፤ ሆኖም ቶዮታ ራሱ አንዱን በሌላው ቦታ እንዳንጠቀም ያሳስባል። በቪትዝ ነገሩ ይብሳል፦ ለጃፓን ገበያ ከተሠሩት ውስጥ የቀደሙት በአብዛኛው ባለ 4 ማርሽ ሲሆኑ፣ እ.ኤ.አ. ከ2005 በኋላ የመጡት ብዙዎቹ በብረት ቺንጋና በፑሌጃ የሚሠራ ሲቪቲ አላቸው። ሲቪቲ የራሱ ዘይት አለው፤ ተራው ቀይ ዘይት ከገባበት ቺንጋው መንሸራተት ይጀምራል። መልሱ ሩቅ አይደለም። በብዙ ቶዮታዎች የካምቢዮውን መለኪያ ዘንግ በጨርቅ ጠርጎ ያየ ሰው የዘይቱን ስም ተቀርጾ ያገኘዋል፤ መለኪያ ከሌላቸው ውስጥ በብዙዎቹ ደግሞ መሙያው ቡሎን ላይ የደብሊው ኤስ ፊደላት ይታያሉ።

«ለሁሉም የሚሆን ዘይት አለ» የሚሉ አሉ፤ ከፊል እውነት አላቸው። ጄኔራል ሞተርስ ዴክስሮን 3 ለተባለው የካምቢዮ ዘይቱ ፈቃድ መስጠት ያቆመው እ.ኤ.አ. በ2006 መጨረሻ ሲሆን፣ ለራሱ አሮጌ ካምቢዮዎች ዴክስሮን 6ን ተክቷል። ምትክ አለ ማለት ነው፤ ነገር ግን ምትኩን የመረጠው ካምቢዮውን የሠራው እንጂ የጣሳውን ወረቀት ያሳተመው አይደለም። «አዲስ ዘይት አሮጌ ካምቢዮ ይገድላል» የሚለው ፍርሃትም ሥር አለው፦ ብዙ ሰው ዘይት የሚቀይረው ማርሹ መንሸራተት ከጀመረ በኋላ ነው። የወጣው ዘይት ጠቁሮ የተቃጠለ ሲሸት ሸራው ቀድሞ አልቋል፤ ወቀሳው ግን በአዲሱ ዘይት ላይ ይወድቃል። ጥንቃቄው በማሽን ሙሉ በሙሉ ከማጠብ መቆጠብና በማፍሰሻው የወጣውን ያህል ለክቶ መተካት ነው።

የቀረው የዋጋ ጉዳይ ነው። የካምቢዮ ዘይት ሲፈስስ የሚወጣው ከሲሶ እስከ ግማሽ ያህሉ ብቻ ነው፤ የቀረው በአብዛኛው ካምቢዮውን ከሞተሩ ጋር በሚያገናኘው ኮንቨርተር ውስጥ ይቆያል። ስለዚህ በርካሽ የተሞላ የተሳሳተ ዘይት በአንድ ቅያሬ አይጠራም፤ ለማውጣት ደጋግሞ መግዛት ይጠይቃል። ጋራዦችም የሞሉትን ዘይት ሙሉ ስም ደረሰኙ ላይ ቢጽፉ፣ ቀጣዩ መካኒክ ከቀለሙ ተነስቶ ከመገመት ይድናል።