ለንዝረት የተከፈለ 150 ሚሊዮን ዶላር

መርካቶ ጋቢ ሊገዛ የገባ ሰው ዋጋ ከመጠየቁ በፊት ጨርቁን በጣቶቹ መሀል ያሻል። ነጋዴውም ጠባዩን ስለሚያውቅ «ዳስሰው እንጂ!» ይለዋል። ዓይን በቀለም ይሸነገላል፤ እጅን መሸንገል ግን ይከብዳል።

ይህን የእጅ ስሜት በኮምፒዩተር ለመፍጠር የሚጥረው ሙያ ሃፕቲክስ ይባላል። ሥራው ቀላል አይደለም። ዓይን በሴኮንድ 24 ምስል ካዩለት እንደ ሲኒማ ይቀበለዋል። ጣት ግን አይረካም። በምናባዊ ዓለም ውስጥ ያለ ግድግዳ ሲነኩት እንደ ግድግዳ እንዲጠነክር፣ መሣሪያው ጣትን የሚገፋበትን ኃይል በሴኮንድ 1,000 ጊዜ ያህል ማደስ ይኖርበታል። ይህ ውድ በመሆኑ ሰፊውን ገበያ የያዘው ርካሹ ዘዴ ነው። እርሱም በቪዲዮ ጌም መጫወቻ እጀታ ውስጥ፣ ክብደቱ ወደ አንድ ጎን ያደላ ትንሽ ሞተር ሲሽከረከር የሚፈጥረው ንዝረት ነው።

ለመሆኑ ከዚህ ንዝረት ያተረፈው ማን ነው?

እ.ኤ.አ. በ1993 ካሊፎርኒያ ውስጥ ኢመርሽን የሚባል አነስተኛ ኩባንያ ተቋቋመ። ሀብቱ በዋናነት ፋብሪካ ሳይሆን የፓተንት ወረቀት ነበር። በ2002 ሶኒንና ማይክሮሶፍትን «በፈጠራዬ ያለ ፈቃድ ተጠቅማችኋል» ሲል ከሰሰ። ማይክሮሶፍት በ2003 በ26 ሚሊዮን ዶላር ታረቀ። ሶኒ ግን ተከራከረ። በ2004 ዳኞች 82 ሚሊዮን ዶላር ፈረዱበት። በ2006 ያወጣውን አዲስ መጫወቻ እጀታ ያለ ንዝረት ለገበያ አቀረበ፤ ምክንያቱ ንዝረቱ ከእንቅስቃሴ ጠቋሚው ጋር ስለሚጋጭ ነው አለ። በ2007 ጉዳዩ 150 ሚሊዮን ዶላር ገደማ በመክፈል ተዘጋ። በዚያው ዓመት ንዝረቱ ወደ እጀታው ተመለሰ። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም፤ ሶኒ የናቀው ባለቤት ግን ወረቀት ነበረው።

ታሪኩ በዚህ አላበቃም። ማይክሮሶፍት በ2003ቱ ውል መሠረት ከሶኒ ከተገኘው ገንዘብ ድርሻ አለኝ ብሎ ኢመርሽንን ከሰሰና በ2008 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) 20.75 ሚሊዮን ዶላር ተከፈለው። አሸናፊውም ቢሆን የፈረመውን ውል ረስቶ መዝለል አልቻለም።

«እነዚህ ሠርተው ሳይሆን ከሰው ኪስ የሚበሉ ናቸው» የሚል አንባቢ ይኖራል። ስሞታው ከንቱ አይደለም፤ የፓተንት ክስ የሰውን ሥራ ማደናቀፊያ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ነገር ግን ዓመታት ደክሞ የፈጠረ ሰው፣ ትልቁ ነጋዴ በአንድ ጀንበር ቀድቶ ቢሸጥበት ነገ ማን ይደክማል?

ይህ ነገር እኛንም ይመለከታል። በ1987 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 123 ለፈጠራ ፓተንት 15 ዓመት ጥበቃ ሰጥቶ ለ5 ዓመት እንዲራዘም ፈቅዷል። ለአነስተኛ ፈጠራም የግልጋሎት ሞዴል ሰርተፊኬት አዘጋጅቷል። ምናለሽ ተራ ያለ ባለሙያ የእህል መፍጫን የሚያሻሽል አንድ ነገር ቢያበጅ፣ ይህ ሁለተኛው መንገድ ለእርሱ ዓይነቱ የተከፈተ ነው። የፓተንት መብት የሚሠራው በተመዘገበበት አገር መሆኑንም ያስታውሷል፤ ውጭ ሊሸጥ ያሰበ ውጭም ይመዝገብ።

ስለዚህ ገንዘብዎን በአዲስ መሣሪያ ላይ ሊያውሉ ሲሉ ሁለት ጥያቄ ይጠይቁ። አንደኛ፣ መብቱ የማን ነው? ሁለተኛ፣ መሣሪያው የሚሰጠው ስሜት ነው ወይስ ንዝረት? ዛሬም ጋቢን በስክሪን ዳስሰው ይግዙ የሚልዎት ቢመጣ፣ ገንዘብዎን ከማውጣትዎ በፊት ጋቢውን በእጅዎ ያሹት።