ከሪባኑ ማግስት ደመወዙን ማን ይከፍላል?

ነገሩ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው በቅን ልብ ነው። ከቀዬው ከወጣ ሃያ ዓመት ያለፈው ሰው ለዘመድ ለቅሶ ይመለሳል፤ ምጥ የጠናባትን ሴት ጎልማሶች በቃሬዛ ተሸክመው ዳገት ሲወጡ ያያል። ወደሚኖርበት ዋሽንግተን ወይም ሪያድ ሲመለስ የአገሩን ልጆች ይሰበስባል፤ ገንዘብ ይዋጣል። ቀበሌው መሬት ይሰጣል፣ የመሠረት ድንጋይ ይቀመጣል፣ አራት ክፍል ያለው ክሊኒክ ይቆማል። ሪባን ተቆርጦ፣ ድፎ ዳቦ ተቆርሶ እንግዳው ይሸኛል።

ከዚያስ?

ከዚያማ ነርሷ በወሩ መጨረሻ ደመወዟን ትጠብቃለች። ውሃ በአህያ ይጫናል። በሻንጣ የመጣው መድኃኒት ያልቃል፣ ወይም ሳያልቅ ጊዜው ያልፍበታል። አዋጪዎቹ ሦስተኛው ዓመት ላይ ሲጠየቁ ያቅማማሉ፤ አይፈረድባቸውም። ግድግዳ ላይ የለጋሽ ስም ይጻፋል፤ የነርስ ደመወዝ ላይ ግን የሚጻፍበት ቦታ የለም።

ከሁሉ የከፋው ሌላ ነው። ያቺ በቃሬዛ የታየችው ሴት ክሊኒኩ ቢከፈትም ላትተርፍ ትችላለች። ሕፃኑ ተጋድሞ ምጡ ከተያዘ የሚያስፈልጋት ቀዶ ሕክምና ነው። ያ ደግሞ ሐኪም፣ ሰመመን ሰጪ፣ ደምና የማይቋረጥ መብራት ይጠይቃል። ባለ አራት ክፍሉ ክሊኒክ ከእነዚህ አንዱም የለውም።

ሌላ መንገድ የሚያሳይ ቦታ ግን አለ። ጉራጌ ዞን ውስጥ፣ ከወልቂጤ ብዙም ሳይርቅ፣ የአጣጥ ሆስፒታል ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ1969 የካቶሊክ የሕክምና ሚስዮን እህቶች የከፈቱት ነው። ከሆስፒታሉ የሚማረው ትልቁ ነገር ያለው ግን ከቀዶ ሕክምናው ክፍል ውጭ፣ ግቢው ውስጥ ባለው የእናቶች ማቆያ ነው። ቀድሞ በኦፕሬሽን የወለደች፣ መንታ የያዘች ወይም ቤቷ ከመንገድ የራቀ ነፍሰ ጡር መውለጃዋ ሲቃረብ መጥታ እዚያ ትሰነብታለች። ስንቋን ትይዛለች፣ አብራት የምትሰነብት ዘመድ ትመጣለች፣ ምግቡ እዚያው ይበስላል። ምጥ ሲጀምራት ሐኪሙ ዘንድ ለመድረስ ግቢውን ማቋረጥ ብቻ ነው የሚጠበቅባት።

የሆስፒታሉን የ22 ዓመት መዝገብ፣ ከ24,000 በላይ ወሊድ፣ የመረመረ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2010 ታትሟል። ማቆያው ውስጥ ሰንብተው ከወለዱት 6,805 እናቶች መካከል ሞተው የተወለዱት ልጆች ከ1,000 ውስጥ 18 ገደማ ነበሩ። በቀጥታ ከቤታቸው በመጡት ዘንድ ቁጥሩ 191 ነው። የእናቶች ሞትም በማቆያው ከ100,000 ውስጥ 90 ገደማ ሲሆን፣ ከቤት ለመጡት ከ1,300 በላይ ነበር።

እርግጥ ንጽጽሩ ሚዛኑ ፍጹም አይደለም። ከቤት ከመጡት ውስጥ ሁለት ቀን አምጠው፣ ማህፀናቸው ተቀዶ የደረሱ አሉበት። ግን እኮ ጉዳዩም ይኸው ነው፤ በቃሬዛ የምትመጣዋ ሴት የምትመጣው ከረፈደ በኋላ ነው። ሌላም መታየት ያለበት ቁጥር አለ፦ በማቆያው ከሰነበቱት ከሦስቱ ከአንዷ በላይ የወለዱት በኦፕሬሽን ነው። ማቆያው ሕይወት ያተረፈው ጎኑ ምላጭ የሚይዝ ሐኪም ስላለ ነው።

ከዚህ ተነሥቶ ማለት የሚቻለው፣ ለድሃ መንደር የተዋጣ ገንዘብ ብዙውን ጊዜ መዋል ያለበት መንደሩ ውስጥ አዲስ ግድግዳ ለማቆም እንዳልሆነ ነው። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በተዘረጋው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በየገጠር ቀበሌው ጤና ኬላና ሁለት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ እንዲኖር ታስቧል። ቤቱ በአብዛኛው አለ። የሚጎድለው ውሃው፣ ሶላሩ፣ አዋላጇ የምታድርበት ክፍል፣ የአምቡላንሱ ነዳጅና ጎማ ነው። በጤና ጣቢያዎች የተሠሩት ማቆያዎችም ገንፎ የሚያገነፋ ሰውና ዱቄት ሲጠፋ ባዶ ያድራሉ። ነፍሰ ጡሯም ልጆቿን ማን ያበላልኛል፣ ላሟን ማን ያልብልኛል ብላ ትቀራለች፤ ለዚህ መላ የሚያገኘው ከውጭ የመጣ መሐንዲስ ሳይሆን የመንደሩ እድር ነው።

ብቻውን የቆመ የበጎ አድራጎት ክሊኒክ ሌላም ጣጣ አለበት። ገበሬው ለማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በየዓመቱ ይከፍላል፤ መድኑ የሚሸፍንለት ግን ውል በገባ ተቋም ሲታከም ነው። ውል የሌለው ክሊኒክ ወይ በነፃ እያከመ ይከስራል፣ ወይ አስከፍሎ መድን የከፈለውን ገበሬ ደግሞ ያስከፍለዋል።

አዲስ ክሊኒክ ጨርሶ አያስፈልግም ማለት ግን አይደለም። ጤና ኬላ እንኳ ያልደረሰበት፣ ክረምት ሲገባ ወንዙ ሞልቶ የሚቆረጥ ቀበሌ አለ። እዚያ ክሊኒክ የሚሠራ ሰው የሕንፃውን ወጪ ከማሰቡ በፊት የአምስት ዓመት ደመወዝ ባንክ ያስቀምጥ፤ ከአምስት ዓመት በኋላ ማን እንደሚረከበውም በጽሑፍ ይዋዋል።

ይህን የሚያነብ የገንዘብ አሰባሳቢ ኮሚቴ ካለም መሐንዲስ ከመቅጠሩ አስቀድሞ የወረዳውን ጤና ጽሕፈት ቤት በር ያንኳኳ። ቀዶ ሕክምና የሚሰጠው ቅርቡ ሆስፒታል የት እንደሆነ፣ ማቆያው ውስጥ ዛሬ ማታ ስንት አልጋ ክፍት እንደሆነና እራቱን ማን እንደሚያበስል ይጠይቅ።