ግራን ቱሪስሞ ለጀማሪ አይሆንም ያለው ማነው?

ባለፈው እሑድ ከጣና ዳር ስንመለስ እኛ እጩ መምህራን አንድ ጌም ቤት ጎራ አልን። ጆይስቲክ ይዞ የማያውቅ ልጅ የመኪና ውድድሩን፣ ግራን ቱሪስሞን፣ ሊሞክር ተቀመጠ። ነዳጅ እንደ ሰጠ መጀመሪያው ኩርባ ላይ ከመንገድ ወጥቶ ከአጥር ተላተመ። ቤቱ በሳቅ ተናጋ፤ እኛም ሳቅን። ልጁ ሂሳቡን ከፍሎ ውልቅ አለ። "ይሄ ጨዋታ ለመዝናናት ለሚመጣ ሰው አይሆንም" ተባለ።

እኔ ግን ይሆናል ባይ ነኝ። እርግጥ መኪናው እንደ እውነተኛው ክብደት አለው፤ ፍሬን ሳይዙ ከታጠፉ ይንሸራተታል። ነገር ግን ጨዋታው እ.ኤ.አ. በ1997 ጃፓን ውስጥ ሲወጣ ጀምሮ ሁለት መግቢያ ነበረው፦ አንዱ በቀጥታ መወዳደሪያ፣ ሌላው መንጃ ፈቃድ የሚያስፈትን። ፈተናውም ከመነሳትና ከመቆም ይጀምራል። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው ሰባተኛው ደግሞ ለፈለገ ሰው ማርሽ ራሱ ይቀይራል፣ ፍሬን ያግዛል፣ የት ፍሬን እንደሚያዝም መንገዱ ላይ ያሳያል።

ታዲያ ጥፋቱ የማን ነው? ቀድሞ የተጫወተው አዋቂ እርዳታዎቹን አጥፍቷቸው ሄዷል፤ "አብሩለት" ያለ አንድም ሰው አልነበረም። ነገ አስተማሪ የምንባለው እኛም ጭምር! ክፍል ውስጥ ፊደል የሳተውን ልጅ እንዲሁ ከሳቅንበት፣ ትምህርት ለአንተ አይሆንም ማለታችን ነው። ለጀማሪው እርዳታውን አብርተን፣ ሲለምድ አንድ በአንድ ብናነሳለት ይዝናናል፤ ኩርባውንም ያልፈዋል።

ያን ልጅ ካገኘሁት የሚቀጥለው ዙር ሂሳብ በእኔ ነው።