የብዕር ሱባኤ

ከባሕር ማዶ ተመልሼ ወደ ባንክ ሥራዬ በገባሁ ዕለት ባልደረቦቼ «ምን ይዘህ መጣህ?» ሲሉ ጠየቁኝ። እኔም እውነቱን ነገርኋቸው፤ «ሁለት ግጥም ጽፌ፣ አንድ ሰርዤ መጣሁ።» ሳቁብኝ። የዓመት ፈቃዴን አሟጥጬ፣ የሁለት ሳምንት ደመወዝ አስቆርጬ ለአንድ ወር የገባሁበት የደራስያን የጥሞና ቤት በእነርሱ ሚዛን ኪሳራ ነው። የሒሳብ ሰዎች ነንና አልፈርድባቸውም። ዳሩ ግን ይህ ጉዳይ የሚሰላው በሌላ መዝገብ ይመስለኛል።

ለጥበብ ሲሉ ከቤት መራቅ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። የቅኔ ተማሪ ወላጆቹን ትቶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ ወደ ጎጃም ወይም ወደ ዋድላ ይሄዳል። ከሰው ተለይቶ በዛፍ ጥላ ሥር ቅኔውን ሲቆጥር ይቆያል፤ ከዚያም ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም ያርመዋል። መጀመሪያ ብቸኝነት፣ ቀጥሎ ጉባኤ።

የዓለም አቀፎቹ የጥሞና ቤቶች ሥርዓትም ከዚህ እምብዛም አይርቅም። በአሜሪካ ኒው ሃምፕሻየር፣ የሙዚቃ ደራሲው ኤድዋርድ ማክዳውልና ባለቤቱ ማሪያን እ.ኤ.አ. በ1907 በመሠረቱት ማክዳውል ምሳ በቅርጫት ሆኖ በጸጥታ ደጃፍ ላይ ይቀመጣል፤ ሥራ የሚያስፈታ አይኖርም። ማታ ግን እንግዶቹ በአንድ ማዕድ ይሰበሰባሉ። በአዮዋ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1967 የተመሠረተው ዓለም አቀፍ የጸሐፍት መርሐ ግብርም ከ150 በላይ ከሆኑ አገራት የመጡ ጸሐፍትን አስተናግዷል።

«ታዲያ ሱባኤው እዚሁ አገራችን አይሆንም ወይ?» የሚል ይኖራል። ለብቸኝነቱ ይሆናል። የማይተካው ግን ጉባኤው ነው። በሄድሁበት ቤት አንድ ምሽት፣ ከራት በኋላ፣ ግጥሜን በእንግሊዝኛ ማስረዳት ነበረብኝ። የመረጥኋት እዚህ ባነበብኋት ቁጥር የሚጨበጨብላትን ነበር፤ ጭብጨባውም የሚነሣው ከአንዲት ኅብረ ቃል ላይ ነው። በባዕድ ቋንቋ ያቺ ቃል ሁለት መሆኗ ቀረ። እንግዲህ ወርቁን ልናገር ብዬ አፌን ብከፍት የምለው አጣሁ። ሰም ብቻ ነበር። ከጎኔ የተቀመጠች ገጣሚት በትሕትና «ከዚያስ?» አለችኝ። ያን ሌሊት ግጥሟን ሰረዝኋት። ለዓመታት ጭብጨባ የሸፈነብኝን ጉድለት ያሳየችኝ አንዲት አማርኛ የማታውቅ ሴት ናት።

በትርጉም የደበዘዘ ግጥም ሁሉ ባዶ ነው አልልም፤ እውነተኛ ቅኔም ወደ ሌላ ቋንቋ ሲሻገር ይጎዳል። ነገር ግን ከጉዳቱ የሚተርፍ ነገር አለው። ለባዕድ ጆሮ ብሎ መጻፍም ሌላ ጥፋት ነው። እኔ የምለው፣ የተጻፈውን አንድ ጊዜ በባዕድ ጆሮ መፈተን ይበጃል ነው። እዚህ የሚያደምጠን ወዳጅ ያልተባለውን ራሱ እየሞላ ይሰማናል፤ ፍቅሩ ያሳስተናል።

ወጪውና የቪዛው ደጅ ጥናት ብዙዎቻችንን እንደሚያስቀር አውቃለሁ። ሆኖም እንደ ማክዳውል ለቆይታው ክፍያ የማይጠይቁ ቤቶችም አሉና ማመልከት አይከፋም። ዕድሉ የገጠማችሁ ወዳጆቼ ሆይ፣ ስትሄዱ እጅግ የሚጨበጨብላችሁን ግጥም ይዛችሁ ሂዱ።